አንገተ ረጅሙ ማንቆርቆሪያ እና የሚስቴ ሲኒ

ያን ሰሞን የማየው ሕልም አንድ ዓይነት ነበር። ከምንኖርበት ከስኔልቪል ወደ ኤርፖርት የሚወስደው ሀይዌይ ከዳር እስከ ዳር ቡና ሞልቶት፣ አንድም መኪና ሳይታይበት፣ ቀስ ብሎ ይፈሳል። እኔ የሆቴል እንግዶች የማመላልስባትን ሻትሌን እንደ ታንኳ እየቀዘፍኩ በመሃሉ አልፋለሁ። ተሳፋሪዎቼ ሻንጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ እጃቸውን በመስኮት እየሰደዱ በሲኒ ይቀዳሉ። ስለ በረራው የሚጠይቅ የለም። ሚስቴ ብቻ ከወንዙ ዳር፣ ከጥዶቹ ሥር፣ አፍንጫዋን በሻርፕዋ ጫፍ ሸፍና ቆማለች። እጠራታለሁ፤ ስትሻገር ሳላይ እነቃለሁ።

ሕልም ፈቺ የሚያስፈልገው ሕልም አልነበረም። በዚያ የብርድ ወራት ሚስቴ እንደ ብዙ ሰው ታማ፣ እንደ ብዙ ሰው ተነሳች። ትኩሳቱ ሄደ፣ ሳሉም ሄደ፤ ሲሄዱ ግን የማሽተት ችሎታዋን ይዘው ሄዱ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ተመለሰላት። አመላለሱ ግን ሰክሮ እንደሚገባ ሰው ነበር፤ የሁሉንም በር ተሳሳተ። ሳሙናው ሽንኩርት ሸተታት። ሽንኩርቱ ደግሞ ቆይቶ የተገኘ ካልሲ። ቡና፣ ያ ቡና፣ የተቃጠለ ጎማ ሆነ። ሐኪሙ ይመለሳል፣ ታገሺ አላት። መቼ ብላ ስትጠይቀው ትከሻውን ሰበቀ አሉ፤ ያን ትከሻ ለመስበቅ ስንት ዓመት ተምሮ ይሆን?

ይሄ በሌላ ቤት ቀላል ነገር ነው፤ ቡና ይቀራል፣ ሻይ ይጠጣል። የኛ ቤት አሠራር ግን ሌላ ነው። ሚስቴ ኮሌጅ ፓርክ በሚባለው ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ ቁርስ ክፍል ስለምትሠራ ገና ሳይነጋ ትወጣለች። እኔ የምነዳው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ስመለስ እሷ ተኝታለች። ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለን ትዳር በሙሉ ጎህ ሳይቀድ ኩሽና ውስጥ፣ በሁለት ሲኒ መካከል ነበር የሚኖረው። የተጣላነው እዚያ ነው፣ የታረቅነው እዚያ ነው፣ ይህን ቤት እንግዛ ብለን የተስማማነውም እዚያ ነው። ሰው ሁሉ ለሥራ ሲነሳ እኔ ለሲኒ እነሳ ነበር። ሞርጌጃችንን፣ የቤቱን ዕዳ ሳይቀር የተሸከመው ያ ሲኒ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ቢሆንብኝም ለምጄዋለሁ።

ቡናው ጎማ ከሆነ በኋላ እኔም ጀበናዬን ከምድጃ አወረድኩና ለፍቅር ስል ሙቅ ውሃ ጀመርኩ። ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ እንፋሎት እያየን፣ ሙቅ ውሃ ስንጠጣ ተራ የምንጠብቅ ሕመምተኞች መሰልን። ወሬው አልመጣ አለ። ቡና ወሬን ይጎትተዋል፤ ውሃ ግን ወሬን ያጥባል። ሚስቴ ከቀን ወደ ቀን እየቆመች መጠጣት ጀመረች፤ ከዚያ ኮቷን ለብሳ፤ ከዚያ ቁልፏን ይዛ። አንድ ጠዋት በሩ ላይ ዞር ብላ፣ በክፋት ሳይሆን በደግነት፣ እንዲህ አለችኝ፦

«አንተ ተኛ እንጂ። ለሙቅ ውሃ ብለህ ምን ያስነሳሃል?»

መኪናዋ ከግቢው ሲወጣ መብራቱ በኩሽናው ግድግዳ ላይ ሄዶ ጠፋ። እዚያው ቆምኩ። ያቺን የጠዋት ሰዓት ቀስ ብላ እያጠፈች ቁምሳጥን ውስጥ ልታስቀምጥብኝ እንደሆነ ገባኝ።

ወደ ጓደኛዬ ሄድኩ። ጓደኛዬ እንደኔ ሾፌር ነው፤ ኤርፖርቱ አጠገብ ሾፌሮች ተራ በሚጠብቁበት ግቢ ውስጥ እንገናኛለን። የሌላ ሰው መኪና ኋላ ሲከፈት ትርፍ ጎማ ይወጣል፤ የሱ ሲከፈት ላቦራቶሪ ነው የሚወጣው። የእጅ ወፍጮ፣ ትንሽ ሚዛን፣ ቴርሞሜትር፣ የወረቀት ማጣሪያ። ቡና ለመጠጣት ሳይሆን ለመመርመር የተወለደ ሰው ነው። ውሃ ሲጨምር ካየኸው ሕፃን የሚያጠምቅ ይመስልሃል። ችግሬን ነገርኩት። አላዘነልኝም።

«ወንድሜ፣ አፍንጫዋ እውነቱን ነው የነገራት» አለኝ። «እኛ ቡናውን ከሰል እስኪሆን እናሳርረዋለን፣ ከዚያ እንደ ካልሲ እንቀቅለዋለን። ጎማ ብትለው ምን ይገርማል? ሼም ነው እኮ።»

የአባቶቼ ቡና ሲሰደብ ደሜ ፈላ፤ ግን ችግረኛ አይከራከርም። አቆላሉ ይቅለል አለኝ። መልኩ የቀረፋ ሲሆን ይውጣ። አፈጫጩ ሸካራ፣ ወጥ ይሁን። ውሃው ከፈላ በኋላ ትንፋሹን ይሰብስብ። በወረቀት አጣራው፣ ቀስ ብለህ፣ በክብ በክብ አፍስስ። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ አውሮፕላኖች ከላያችን ዝቅ ብለው ያልፋሉ፤ እሱ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ እስኪያልፉ ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ ይቀጥላል። ግማሹ ምክር ወደየትኛው አገር እንደበረረ አላውቅም።

መጀመሪያ ወፍጮ ግዛ ብሎኝ ነበርና ከወፍጮ ጀመርኩ። ቤት የነበረን በምላጭ የሚሽከረከር ማሽን ነው። እሱ አይፈጭም፣ ይከተክታል። አንዱን ዱቄት አንዱን ጠጠር ያደርገዋል፤ ዱቄቱ ይመርራል፣ ጠጠሩ ይኮመጥጣል፣ ሁለቱ በአንድ ሲኒ ውስጥ ሲጣሉ ጠጪው ነው የሚዳኛቸው። አዲሱ የእጅ ወፍጮ በሁለት የብረት ጥርሶች መካከል ፍሬውን እኩል እኩል ይሰብረዋል። ስዘውረው የሚያሰማው ድምፅ ሩቅ በጠጠር መንገድ ላይ የሚሄድ ጋሪ ይመስላል። አንዳንድ ጠዋት ቡና ሳይኖርበት ዘውሬዋለሁ፤ ጋሪው ወዴት እንደሚሄድ ለማዳመጥ።

ማንቆርቆሪያውን ያገኘሁት ዶራቪል ነው። ከባቡሩ መጨረሻ ፌርማታ ብዙም ሳይርቅ፣ ድስትና ሳህን እስከ ጣሪያ የተደረደረበት የአንድ ኮሪያዊ ሽማግሌ ሱቅ። አንገቱ የሽመላ አንገት ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጫፉ ላይ ጎንበስ ያለ። ሽማግሌው የኔን እንግሊዝኛ አልሰማ፣ እኔ የሱን አልሰማሁ። ውሃ ሞላበትና ባንኮኒው ላይ ባለ ሰፌድ መሳይ ትሪ ላይ ማፍሰስ ጀመረ። ውሃው እንደ ክር ነበር የሚወርደው። አልተንጠባጠበ፣ አልተቆረጠ። እጁ ከመሃል ተነስቶ ወደ ዳር፣ ከዳር ወደ መሃል ሲዞር፣ በትሪው ላይ አንድ ክብ ሌላ ክብ ወለደ፣ ያም ሌላ። ሱቁ ጸጥ አለ። አንዲት ዶሮ ልትገዛ ወጥታ ድስት ለማየት የገባች ሴትዮ አጠገቤ ቆማ ታያለች። ሦስታችን እዚያ ትሪ ላይ ስንት ዘመን እንደቆየን አላውቅም። ስወጣ በከሰዓቱ ጸሐይ መንገዱ ሁሉ ክብ ክብ ሆኖ ታየኝ፤ ሻትሌንም ትንሽ በክብ ነዳኋት መሰለኝ፤ አንድ ተሳፋሪ ጠፋን ወይ ብሎ ጠይቋል።

ዕቃውን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ስደረድረው አማቴ መጡ። ከኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ልጃቸው ስትታመም ጠባቂ፣ እኔ ስበላሽ ዐቃቤ ሕግ ናቸው። የመስታወቱን ብልቃጥ፣ ወረቀቱን፣ ሚዛኑን፣ ቴርሞሜትሩን አንድ በአንድ በዓይናቸው ዞሩት።

«የታመመችው ልጄ ናት ወይስ ቡናው?»

«ለልጅዎ ነው እማማ፤ ሽታው እንዲቀልላት» አልኳቸው።

ብልቃጡን ወደ ብርሃን አነሱትና መልሰው አስቀመጡት። «ደግ» አሉ። «ግን እኔን ሽንት ይስጡ እንዳትለኝ።»

የምቆላው ከኋላ ግቢ፣ ጭሱ ቤት እንዳይገባ፣ በፈንዲሻ ማሽን ነበር። የፈንዲሻ ማሽን ከሥሩ ሙቅ አየር ይነፋል፤ ፍሬዎቹ በአየሩ ላይ ይንሳፈፋሉ፣ ገለባቸው እንደ ቢራቢሮ እየተነሳ በጥዶቹ መካከል ይሄዳል። የጎረቤቴ ውሻ በአጥሩ በኩል አፉን ከፍቶ ያያል። መልኩ ቀረፋ ሲሆን አወጣሁት። አማቴ አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ሞክረው፣ ይሄ ለፍየል ነው አሉና ሄዱ።

የሠራሁት ስሕተት እኛ ብቻ የምንሠራው ነው። ከአገራችን ሰው በቀር ቡና ቆልቶ፣ ገና ፍሬው እየሞቀ፣ ወዲያው ፈጭቶ የሚያፈላ ማን አለ? ትናንት የተቆላ ቡና ለእንግዳ ማቅረብ እኮ እንግዳውን ውጣልኝ ማለት ነው። እኔም እንደ ባህሌ፣ ጭሱ ሳይለቀው ወረቀቱ ላይ አደረግኩና ከሽመላው አንገት ውሃ ለቀቅኩበት። ቡናው ተቆጣ። አበጠ፣ እንደ ቡሆ ተነሳ፣ ከማጣሪያው ተርፎ በጠረጴዛው ላይ ሄደ፣ የአማቴን ስልክ አጠመቀ። ከታች የወረደው ደግሞ ሣር ያጠበ ሎሚ ነው። ሚስቴ ኮቷን ለብሳ በሩ ላይ ብቅ አለች፣ አንዴ ማገችና አፍንጫዋን ያዘች።

«ዛሬ ጎማው አዲስ ነው» አለችና ወጣች።

ተስፋ ቢስ ሰው ከምንም ተስፋ ይሠራል። አዲስ ጎማ ከተቃጠለ ጎማ ይሻላል ብዬ ቀኑን ሙሉ ስዘፍን ዋልኩ።

ጓደኛዬ ሲሰማ ሳቀ፣ መሪውን እስኪደበድብ ሳቀ። የተቆላ ቡና በውስጡ ጋዝ አለው፤ ጥቂት ቀን ተኝቶ ጋዙን ካልተነፈሰ ውሃውን ወደ ውስጥ አያስገባም አለኝ። ስለዚህ ቡናዬን አስተኛሁ። ክዳኑ ላላ ባለ ማሰሮ አድርጌ፣ መደርደሪያ ላይ፣ ከጥቁር አዝሙዱ አጠገብ። ባለፍኩ ቁጥር ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር። አማቴ ይሄ ሰው ለፍሬ እሽሩሩ ሊል ነው እያሉ ለዘመድ በስልክ አወሩ።

የተኛው ቡና ሲነቃ ሌላ ፍጥረት ነበር። መጀመሪያ ጥቂት ውሃ ብቻ ጠብ አድርጌ ጠበቅኩ። ዱቄቱ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ፣ የተኛ ሕፃን ደረት መሰለ። ከዚያ ክሩን ለቀቅኩት፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ ከዳር ወደ መሃል። መስኮቱ ላይ ጉም ተደግፎ ነበር፤ ጥዶቹ ሥራቸው ብቻ ይታያል፣ ጫፋቸው የለም። ብልቃጡ ውስጥ የወረደው ቀይ ነው፤ ጥቁር አይደለም፣ ቀይ። ቀመስኩት። የበሰለ ኮክ፣ ማር የነካው፣ ከዚያም ስሙን የማላውቀው አበባ። ወለሉ ከእግሬ ሥር ትንሽ የተንሳፈፈ መሰለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስጠጣው የኖርኩት ቡና ለካስ ራሱን አላስተዋወቀኝም ነበር።

አማቴም ቀመሱ። «ሻይ ነው» ብለው ፈረዱ። ደግመው ቀመሱና ጨመሩበት፦ «ጥሩ ሻይ ነው።»

ሚስቴ ያን ቀን ለኔ ብላ ሞከረች። ደክሜበት ስለነበር ነው። ሲኒውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ አንድ ጉንጭ ወሰደች። ፊቷ ሲዘጋ አየሁ። ሮጣ ሲንኩ ላይ ተፋችው፣ ውሃውን ከፈተችበት፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆየች። ስትዞር ዓይኗ ቀልቷል።

«ይቅርታ» አለችኝ። «ይሄን ሁሉ ለፍተህ።»

ከዚያም የቁርስ ክፍሉ ኃላፊ ቀደም ብሎ የሚገባ ሰው እንደሚፈልግ፣ እሷም ከሰኞ ጀምሮ ለመግባት እንዳሰበች ነገረችኝ። የምትነሳው እኔን እንቅልፍ በያዘኝ ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ዓርብ ማረጋገጫ ልትሰጥ ነው። ቀልድ ፈለግኩ። እኔ፣ ለቅሶ ቤት ሰው በማሳቅ ስሜ የተበላሸ ሰው፣ አንድም አጣሁ። እሺ አልኳት።

የዓርቡን ጠዋት እንደ ውሃ ውስጥ ነገር ነው የማስታውሰው። ያፈላሁት ለአማቴና ለራሴ ነበር፤ ለሚስቴ የማፈላው ነገር አልቆ ነበር። የመጀመሪያውን ለአማቴ ሰጠሁ። በዕቃው ሥርዓት መሠረት ወረቀቱ አሁን ከነአተላው ይጣላል፤ ይህ ቡና አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚጠጣው። ማጣሪያውን ይዤ ወደ ቆሻሻው ስሄድ አማቴ ከሲኒያቸው ላይ ቀና አሉ።

«አንድ ውሃ አሳይተህ ልትደፋው?» አሉ። «ምን በደለህ?»

ሳልከራከር መለስኩት። እጄም የለመደውን ያውቃል፤ አቦል ካለ ቶና አለ። እንደገና ክሩን ለቀቅኩ፣ የወረደውን ለራሴ ቀዳሁ። ከዚያም እጄ አልቆመም። ሰኞን እያሰብኩ ጉሙን እያየሁ ሦስተኛውን ውሃ አፈሰስኩ፣ በክብ፣ በክብ። የዶራቪሉ ሽማግሌ ቢያየኝ ማንቆርቆሪያውን ይነጥቀኝ ነበር። የወረደው የገለባ መልክ ያለው፣ ሥሩ የሚታይ ነገር ነው። ንጹሕ ሲኒ ስላልነበረ በቅርብ ባገኘሁት ትልቅ ብርጭቆ ቀዳሁትና ጠረጴዛው ዳር አስቀመጥኩት። ብርጭቆው የሚስቴ የሙቅ ውሃ ብርጭቆ ነበር።

እሷ ኮቷን እንደለበሰች ገባች። ኩሽናው ገና ደብዛዛ ነው። እንደ ዘወትሯ ብርጭቆዋን አነሳች፣ እንደ ዘወትሯ ቆማ ጠጣች። ላስጥላት እጄን ስዘረጋ አንድ ጉንጭ ወርዷል። አማቴም አዩ፤ ሲኒያቸው አፋቸው ጋ ሳይደርስ ቀረ፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሚስቴ ብርጭቆውን ከአፏ ራቅ አድርጋ አየችው። መልሳ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«ምን ጨመርክበት?»

«ምንም» አልኩ።

«የሆነ ነገር ይሸታል።»

«ጎማ?»

«ቆይ።» እጇን አነሳች፣ ዝም በል ነው። ፍሪጁ እንኳ ማጉረምረሙን ያቆመ መሰለኝ። ደግማ ጠጣች። «ጎማ አይደለም። እንደ… የገብስ ቆሎ። ገና ከምጣድ ሲወርድ፣ ራቅ ብሎ፣ ከሌላ ክፍል።» ወደ እኔ ዞረች። «ምንድነው?»

«በረካ ነው» አልኳት።

«ከዚያ ከወረቀቱ?» ወደ ማጣሪያው ተመለከተች። «ሦስተኛ ውሃ? እጣቢ ነው ያጠጣኸኝ?»

«አንቺ ነሽ ያነሳሽው።»

ሳቋ መጣ። ከዚያ በፊት ለስንት ጊዜ አልሰማሁትም ነበር። እየሳቀች ወንበር ሳበችና ከነኮቷ ተቀመጠች። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ ብርጭቆውን በሁለት እጇ አቀፈችው። ስለ ምን እንደተነጋገርን አሁን አላስታውስም፤ ስለ ጎረቤት ውሻ ይመስለኛል፣ ስለ ጣራው ፍሳሽም ሊሆን ይችላል። ተነጋገርን ግን። ጉሙ ከመስኮቱ ላይ ቀስ ብሎ ሲነሳ የጥዶቹ ጫፍ ታየ። አርፍዳ ነው የወጣችው። በሩ ላይ ቆማ፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ የሰኞውን ነገር ይቅርብኝ እላቸዋለሁ አለች።

ለጓደኛዬ ስነግረው ጆሮውን ሊሸፍን ነበር። በሱ ሳይንስ ሦስተኛ ውሃ ወንጀል ነው፤ ጣሙ ያለቀ፣ ባዶ፣ እንጨት እንጨት የሚል ነገር ነው የሚወጣው። ይህን ለማንም እንዳትናገር፣ በተለይ ከኔ ጋር እንደምትተዋወቅ አለኝ። ሳይንሱን አልነካበትም፤ ልክ ሳይሆን አይቀርም። ምናልባት ያ ያለቀለት ውሃ፣ የሚጮህበት ነገር ስላልነበረው፣ ለታመመው አፍንጫ ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራለት ይሆናል። የኔ ፍልስፍና ከዚህ አያልፍም።

ከዚያ ወዲህ ኩሽናችን ተራ አወጣ። ሁሉም ባለሙያ የሚለፋበት፣ የተመዘነው፣ የተሰላው፣ ኮክና ማሩ ያለው የመጀመሪያው ውሃ ለአማቴ ይሰጣል፤ እሳቸው ሻይ እያሉ እየሰደቡ እስከ ጠብታው ይጨርሱታል። ሁለተኛው የኔ ነው። ሦስተኛው በትልቁ ብርጭቆ ለሚስቴ። ሽታዋ ሙሉ በሙሉ ተመልሷል አልልም። ሳሙናው አሁንም አንዳንዴ ሽንኩርት ይሆንባታል፣ ከቆሎው ሽታ ላይ ግን አንድ ቀን የማር ሽታ ጨመረች፣ ሌላ ቀን ደረቅ ሣር፣ ሌላ ቀን ምንም። ምንም በሆነ ቀን ዝም ብለን እንቀመጣለን፤ ተቀምጠን ግን ነው።

ደጁ ላይ ያለችው ዛፍ ነጭ አበባዋን ባወጣች ሰሞን፣ አንድ ጠዋት፣ እያወራሁ ነበር። ምን እያጋነንኩ እንደነበር ጠፍቶኛል። ሚስቴ የራሷን ብርጭቆ ገፋ አደረገች፣ እጇ ጠረጴዛውን ተሻገረ፣ የኔን ሲኒ አነሳች፣ አሸተተች። ግንባሯ ትንሽ ተቋጠረ፣ ተፈታ። ጠጣች። አንዴ ብቻ መስሎኝ ነበር። ወሬዬን አቋርጬ ባዶ እጄን አያለሁ፤ እሷ ሲኒዬን ይዛ ወደ መስኮቱ ዞራለች።

አማቴ ይህን ሁሉ አይተው፣ መዳፋቸውን በገዛ ሲኒያቸው ላይ ከደኑ።